ማንም የሚመታው ኖታ

ውዱ ምህረቴ ዳንግላ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በሚገኝ ጎሚስታ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ለጥፏል። ሾፌሮቹ «ውዱ ጎማ የሚያየው በጆሮው ነው» ይሉ ነበር። አላጋነኑም። ጎማውን በመዶሻ ሁለቴ ቸብ ቸብ ያደርግና ጆሮውን አስጠግቶ፣ «ይሄስ ደህና ነው፤ የተነፈሰው ባለቤቱ ነው» ይላል። ነፍሱን ይማረውና፣ ከመዶሻው ይልቅ ምላሱ ይፈራ ነበር።

የተወለደው ከዳንግላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ከምትርቅ ቀበሌ ነው። ቤት አገውኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገረ አድጎ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ በ1974 ዓ.ም. ወታደር ሆነ። አንድ ቀን ምግብ ለመቀበል ተሰልፎ የቆርቆሮ ሳህኑን በማንኪያ ሲደበድብ አንድ መቶ አለቃ ሰማውና፣ «ለዚህ ሰው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ወደ ክፍለ ጦሩ ማርሽ ባንድ ወሰደው። ድራም እዚያ ተማረ፤ ኖታ ማንበብም እንደ ነገሩ እዚያ ለመደ። ይሄይስ አየነውን ያገኘውም እዚያ ነው።

ይሄይስ የእንጅባራ ልጅ፣ ትራምፔት ነፊ ነበር። ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ጎጃም በእግር አብረው መጡ፤ መንገድ ላይ ይሄይስን ወባ ጣለውና ውዱ አንድ ቀን ተኩል አዘለው። ኋላ ይሄይስ አግብቶ የመጀመሪያ ልጁ ምስጋናው ሲወለድ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳው ውዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በስም አልተጠራሩም። «አበልጄ» ብቻ ሆነ።

ባንዱ የተመሠረተው በ2003 ዓ.ም. ነው። ይሄይስ ያን ጊዜ እንጅባራ ሙዚቃ ያስተምራል። ከተበተኑት ማርሽ ባንዶች ሽማግሌዎቹን፣ ከትምህርት ቤት ወጣቶቹን ለቃቅሞ አሥራ ሰባት ሰው አደረጋቸው፦ አምስት ሳክስፎን፣ አራት ትራምፔት፣ አራት ትሮምቦን፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። ቢግ ባንድ የሚባለው፣ የጃዝ ባንድ መሆኑ ነው። የአገውን ዘፈን ለዚያ ሁሉ ነፊ አከፋፍሎ የሚጽፈው ይሄይስ፣ ያንን ሁሉ ነፊ በአንድ እግር የሚያስኬደው ውዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውዱ የእጁን ጥላሸት በቤንዚን ያጥብና በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ይወጣል። ከድራሙ ኋላ ያለችው ክብ ወንበር የእሱ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው መኪና ሥር አጎንብሶ የሚውል ሰው፣ እዚያች ወንበር ላይ ሲቀመጥ አሥራ ስድስት ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ከዚህ ዓለም ሌላ ነገር ጠይቆ አያውቅም።

ይሄይስ ለነፊዎቹ ሲጽፍ አንዲት ነጥብ አያልፍም። ለድራም የሚሰጠው ወረቀት ግን «ቺክቺካ። 128 ባር። በደንብ!» ይልና አለቀ። ውዱ ወረቀቱን አራት ቦታ ያጥፍና የሲምባሉን ማቆሚያ እንዳይነቃነቅ ይደግፍበታል። የሚመታውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዟል። ባሮቹን፣ የዘፈኑን እኩል ክፍልፋዮች፣ በልቡ የሚቆጥራቸውም በአገውኛ ነው።

በሰኔ 2005፣ ከልምምድ በኋላ፣ ይሄይስ አስቀረው።

«አበልጄ፣ የሁሉም ኖታ በእጄ አለ። ያንተ ብቻ የለም።»

«የኔ እዚህ ነው» አለ ውዱ ግንባሩን ነካ አድርጎ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ሰው ነን፤ ነገ አንድ ነገር ብንሆን ሥራው አብሮን ይቀበር? ለመዝገብ ይሁን፤ አሥራ ሁለቱንም ዘፈን ጻፍልኝ። ግን ግልጽ አድርገህ። ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ እንግዳ እንኳ ቁጭ ብሎ እንዲመታው አድርገህ።»

«ከየት የሚመጣ እንግዳ ነው ደግሞ?»

«ለምሳሌ ነው እንጂ!» አለና ይሄይስ ሳቀ። ውዱም ሳቀ።

ክረምቱን ሙሉ ጻፈ። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ ነበር። ሦስት እሑድ ፈጅቶ ሁለት እጁና ሁለት እግሩ የሚያደርጉትን አንድም ሳያስቀር ወረቀቱ ላይ አሰፈረ፤ ገጹ ጉንዳን የወረረው መሰለ። ኮርቶበት ለእመቤት አሳያት። እመቤት ዳንግላ ፊዚክስ የምታስተምር፣ በባንዱ ውስጥ ትልቁን ሳክስፎን የምትነፋ ሴት ናት። «እስቲ እያጨበጨብሽ ተከተይው» አላት። ሦስተኛው መስመር ላይ ጠፋች። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ሦስተኛው መስመር ላይ ጠፋች።

«ጋሼ ውዱ» አለች ወረቀቱን እየመለሰች፣ «አይቆጡኝና፣ ይሄ መንገድ ለጠየቀ ሰው እግር አነሳስ እንደማስተማር ነው።»

ተቆጣ። እቤቱ ገብቶ እራት አልበላም። በማግስቱ ግን አንድ የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ እያለ ነገሩ ገባው። ድራም መቺ እጁን እንዴት እንደሚያነሳ ያውቃል፤ ካላወቀም ወረቀት አያስተምረውም። የማያውቀው የት እንዳለ ነው። ስንት ባር እንደቀረው፣ ከጎኑ ማን እየነፋ እንደሆነ፣ ትራምፔቶቹ የት ላይ እንደሚፈነዱ፣ ሁሉም ዝም የሚለው መቼ እንደሆነ።

የጉንዳኑን ገጽ ቀደደና ከዜሮ ጀመረ። ምቱ በማይለወጥበት ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባሮች ብቻ ጽፎ የቀረውን በሰያፍ ጭረት ሞላ፤ በየስምንተኛው ባር ቁጥር አኖረ፤ ዓይኑ የጠፋበት ሰው የሚይዘው ነገር እንዲያገኝ። ነፊዎቹ በአንድነት የሚመቱትን ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ኖታ አሳየ። «ሳክስፎን ብቻ፤ ቀስ» ብሎ ጻፈ። ያሻህን አድርግ ሊል በፈለገበት ቦታ ምቱን አልጻፈም፤ «ሁለት ባር ያንተ ነው» ብሎ ተወው። ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚሉትን የክፍል ምልክቶች ከነፊዎቹ ኖታ ጋር አንድ አደረጋቸው፤ ሁልጊዜም በመስመር መጀመሪያ ላይ አዋላቸው። ከሁሉ ይልቅ የደከመው ለገጽ መገልበጫው ነው። ድራም መቺ ገጽ የሚገለብጠው እጁ ሲያርፍ ብቻ ስለሆነ፣ ገጹ የሚያልቅበት ቦታና እጅ የሚያርፍበት ቦታ እስኪገጥሙ ድረስ ሦስት ዘፈኖችን እንደገና ጻፈ። በጥቁር እስክሪብቶ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ አርባ ሦስት ገጽ ሆነ።

ሚስቱ ሽታዬ በር ላይ ቆማ ትተርበዋለች።

«በልጅነትህ እንዲህ ብትጽፍ ኖሮ ዛሬ ሚኒስትር ነበርክ።»

«ሥራው እንዳይጠፋ ነው።»

«ሥራውስ አይጠፋም። አንተስ?»

«ይሄይስ ነው እኮ ያለኝ።»

«ይሄይስ ነዋ! ሰውን ማመን ቀብሮ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

«ያዘልኩትን ሰው?» አለና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ።

ያለቀው ዘፈን ሁሉ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ባህር ዳር ወረቀት አሳምሮ የሚጠርዝ ሰው አለ ብሎታል ይሄይስ። ዳንግላ ከእንጅባራ ወደ ባህር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች፣ ፖስታውን መናኸሪያ ወስዶ ለሚኒባስ ሾፌር የሚሰጠው ውዱ ራሱ ነው። «አደራህን፣ እንዳይረጥብ» ይላል፤ ሾፌሩ ፖስታውን ከመስተዋቱ ሥር እስኪያስገባ ድረስም ከመስኮቱ አይርቅም። አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረገ። የመጨረሻው ኅዳር አጋማሽ ላይ ሄደ።

ጥር 17 ቀን 2006 ቅዳሜ ነበር። በየዓመቱ እንጅባራ ላይ የሚከበረውና ባንዱ የሚጫወትበት የአገው ፈረሰኞች በዓል ስድስት ቀን ቀርቶታል። የውዱ ሚኒባስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አዳራሹ ሲደርስ ልምምዱ ተጀምሯል፤ ድራሙም ይሰማል። በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ራሱ ሲመታው የኖረውን ነገር ከውጭ ሰምቶት አያውቅም። ትራምፔቶቹ ሊፈነዱ ሲሉ ድራሙ ቀድሞ መንገድ ሲከፍትላቸው፣ ሳክስፎኖቹ ሲገቡ ዝቅ ሲል፣ ሁለቱ ባር ሲደርስ ሲንከባለል። «ለካ እንዲህ ነው» አለ በልቡ። ከዚያ ወንበሯን አየ።

ሰላሳ የማይሞላው፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ተቀምጦባታል። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው ጥራዝ ተዘርግቷል። ሰውየው ጥራዙን አየት፣ ነፊዎቹን አየት እያደረገ ይመታል። እጁ አረፈ፤ ገጹን ገለበጠ፤ ቀጠለ። አልተሳሳተም። ዘፈኑ ሲያልቅ ባንዱ አጨበጨበ። እመቤት ብቻ ሳክስፎኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

«አበልጄ! መጣህ?» አለ ይሄይስ እጁን ዘርግቶ። «ሰማኸው? ዛሬ ገና ቁጭ ማለቱ እኮ ነው! ያንተ ኖታ ነው እንዲህ ያደረገው።»

«ወንበሩም የኔ ነው» አለ ውዱ።

ይሄይስ በክንዱ ይዞ ወደ ውጭ አወጣው። ዘንድሮ ካሜራ እንደሚመጣ፣ ትልልቅ እንግዶች እንደሚኖሩ፣ ወጣት ሰው ፊት ቢታይ መልካም እንደሆነ፣ የውዱም ወገብ እንደሚያመው ነገረው። «ወገቤን የሚያመኝ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለው ውዱ። ይሄይስ ባንዱ ለወጣቱ እንዴት እንዳጨበጨበለት ማንሳት ጀመረ። ውዱ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ጥራዙን ሊያይ ነው የተመለሰው። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስምና «አዘጋጅ፦ ይሄይስ አየነው» የሚል በወርቃማ ፊደል ታትሞበታል። ሌላ ስም የለበትም።

ወጣቱ ድራም መቺ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ሰላም አለው። ሀብቱ ይባላል፤ ባህር ዳር ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ተንኮል ያለበት ሰው አይደለም።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት? አባቴ፣ እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ የድራም ኖታ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ወይ ባዶ ነው ወይ ዓይን ያጠፋል። እኔ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ፖስታው በመጣ ቁጥር ቤቴ እየተለማመድኩት ስለነበር…»

«ከሐምሌ?»

«አዎ፣ ጋሼ ይሄይስ ያኔ ነው ከእኔ ጋር የተዋዋሉት። ‹ኖታው እያለቀ በሚኒባስ ይደርስሃል› አሉኝ። አንዱም ሳይረጥብ ነው የደረሰኝ።»

ውዱ ወጣ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ እስከ ዳንግላ ድረስ በመስኮት እያየ ሄደ። አደራህን እንዳይረጥብ ያለባቸው አሥራ ሁለቱም ቀኖች አንድ በአንድ ይመጡበታል።

ሽታዬ «ብዬህ ነበር» አላለችውም። ማለት እንደሚገባት ያውቅ ስለነበር አለማለቷ የባሰ አመመው።

ጥር 21፣ ረቡዕ፣ ጭቃ የያዘ ጎማ እያጠበ እጁ በድንገት ቆመ። ዘጠነኛው ዘፈን ትዝ አለው፤ «የፈረሰኞች መግቢያ»። ፈረሰኞቹ ሜዳውን ዞረው እስኪቆሙ ድረስ ባንዱ አንዲት ስምንት ባር እየደጋገመ የሚቆይበት ዘፈን ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲለማመዱ አራት ጊዜ ብቻ ይደግሙታል፤ ስለዚህ ኖታው ላይ «4 ጊዜ» ብሎ ጽፎታል። ሜዳ ላይ ግን ቁጥር የለውም። መሪው ፈረሰኛ ፈረሱን አቁሞ ዘንጉን ወደ ላይ እስኪያነሳ ነው። ያን የሚያየው ድራም መቺው ነው፤ ባንዱ የሚያቆመው እሱ ሲያቆም ነው። ውዱ ይህንን ያልጻፈው ደብቆ አይደለም። እዚያች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህንን አያውቅም ብሎ ማሰብ አልቻለም ነበር። በዚያ አገር ፈረስ ሳይቆም ከበሮ ዝም የሚለው በለቅሶ ብቻ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሀብቱ ነው የማያውቀው። ይሄይስ ደግሞ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ነው ባንዱን የሚመራው።

ለሽታዬ ነገራት።

«ዝም በል» አለችው ወዲያው። «እግዜር ራሱ የተወልህ ቀዳዳ ነው። በካሜራ ፊት ይዋረዱ። ከነገ ወዲያ እግርህ ሥር ወድቀው ወንበርህን ይመልሳሉ።»

«ይመልሳሉ» አለ ውዱ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዝም እላለሁ።»

የምሩን ነበር። አርብ ጠዋት እንጅባራ የወጣውም ውርደታቸውን በዓይኑ ሊያይ ነው። ሜዳው ሞልቷል። ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጌጥ ተሸልመው ጥግ ላይ መሬቱን ይጭራሉ። ውዱ ከባንዱ ኋላ፣ ከድራሙ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቆመ። ሰማያዊው ጥራዝ ከቆመበት ይታየዋል። መሪው ፈረሰኛ ሰማንያ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ በሁለት ሰው ተደግፈው ኮርቻ ላይ ወጡ፤ ከወጡ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ውዱ ቀና ብለው የተቀመጡትን ሽማግሌ አየ። እሳቸው ሜዳው መሃል ሳሉ ከበሮው ዝም ሲል ታየው። ከዚያ ደግሞ ጥራዙን አየ። ስሙ ባይኖርበትም ገጽ 31 ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእሱ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ደግሞ ትክክል አይደለም።

ስምንተኛው ዘፈን ሲያልቅ በጭብጨባው መሃል ወደ ድራሙ ሄደ። ከኪሱ የጎማ ቀዳዳ ምልክት የሚያደርግባትን እርሳስ አወጣ፤ በሀብቱ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ «4 ጊዜ» የሚለውን ሰረዘው። በላዩ ላይ «ዘንጉን እስኪያነሱ» ብሎ ጻፈ።

«አባቴ፣ መቼ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?» አለ ሀብቱ ደንግጦ።

«ቀና ትላለህ። ነጩ ፈረስ ላይ ያሉትን ታያለህ። ወረቀቱን ተወው።»

ስምንቱ ባር አሥራ አንድ ጊዜ ተደገመ። ሽማግሌው ፈረሳቸውን አቆሙ፤ ዘንጋቸውን አነሱ፤ ሀብቱ አንድ ጊዜ መታና ዝም አለ፤ አሥራ ሰባቱም ዝም አሉ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ሽማግሌው ከኮርቻቸው ላይ ወደ ባንዱ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ይሄይስ ፈገግ ብሎ እጅ ነሣ። ውዱ ያንን አይቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

በታኅሣሥ 2007 ይሄይስ በባጃጅ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ መጣ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጁ ስለ ምስጋናው ትምህርት ብዙ አወራ። ውዱ ጎማ እየፋቀ ሰማው።

«አበልጄ» አለ ይሄይስ በመጨረሻ፣ «ሀብቱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዘንድሮ አይመጣም።»

«እግዜር ያሳድገው። ጨዋ ሰው ነው።»

«በዓሉ ወር ብቻ ነው የቀረው።»

«ኖታው አለ አይደል?»

«አለ።»

«አልረጠበም?»

ይሄይስ የተቀመጠበትን ጎማ በጣቱ መቧጨር ጀመረ።

«ግልጽ ነው አይደል?» አለ ውዱ፣ መፋቂያውን አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ እያየው። «እንግዲያ ማንም ይመታዋል። አንተው ነህ ያልከው፤ እኔም ቃልህን አክብሬ ጻፍኩ። ሂድ፣ አበልጄ፣ እንግዳ ፈልግ።»

ከዚያ ወዲያ ድራም አልመታም። በየዓመቱ በፋሲካ የክርስትና ልጁን ሊጠይቅ እንጅባራ ይሄድ ነበር፤ አንድም ዓመት አላጓደለም። ምስጋናውን አቅፎ ይስማል፣ ስለ ትምህርቱ ይጠይቃል፣ ይመርቃል። በዚያ ቤት ግን ውሃ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። «ጾም ነኝ» ይላል፤ በፋሲካ።

በመጋቢት 2010 ሲሞት ይሄይስ ትራምፔቱን ይዞ ለቅሶ መጣ። አንድ የድሮ ማርሽ ሊነፋለት ፈልጎ ነበር። ሽታዬ በነጠላዋ ወገቧን እንደታጠቀች በሩ ላይ ቆመች።

«አልቅስ እንጂ አትንፋ» አለችው።

ትራምፔቱን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ አለቀሰ። ግባ ያለው የለም።